አሮጌ ፒክአፕን ፎር ዊል ማድረግ፦ ምን ምን ይነካል፣ መቼስ ያዋጣል?

ጥሩ የድሮ ፒክአፕ ያለው ሰው ይህን ጥያቄ መጠየቁ አይቀርም። ሞተሩ ጤነኛ ነው። ሻንሲውን ዝገት አልበላውም። ጋቢናውም ገና ነው። ችግሩ አንድ ብቻ ነው፤ ዝናብ በጣለ ቁጥር የኋላ ጎማው ጭቃ ላይ ይሽከረከራል፣ መኪናው ግን ካለበት ንቅንቅ አይልም። ያው ሞዴል ፎር ዊሉ ደግሞ በአጠገቡ ዘና ብሎ ያልፋል። ከውጭ ሲታዩ ሁለቱ መኪኖች መንትያ ናቸው። ታዲያ የፊት ዲፈረንሻል ፈልጎ መግጠም ነው እንጂ ሌላ ምን ያስፈልጋል?

መቻሉስ ይቻላል። ግን የፊት ዲፈረንሻሉ የሥራው ትንሹ ክፍል ነው። ሥራው ከካምቢዮ ይጀምርና መሪና ፍሬን ላይ ያልቃል። በመሃል ያለው ሁሉ እርስ በርሱ መስማማት አለበት። አንዱ ከሌላው ጋር ካልተስማማ መኪናው በራሱ ጉልበት ራሱን ይሰብራል። እኔ እስካየሁት ድረስ ይህን ሥራ የሚያበላሸው የባለሙያ እጥረት አይደለም። የሚያበላሸው ከየቦታው የተለቃቀመ ዕቃ ነው።

ጉልበቱ በየት በኩል ያልፋል?

በኋላ እግሩ ብቻ የሚሄድ ፒክአፕ ላይ መንገዱ አጭር ነው። ሞተሩ ያዞራል፣ ጉልበቱ በፍሪሲዮን አልፎ ካምቢዮ ይገባል፣ ከካምቢዮው ጀርባ በረጅሙ ሻፍት ወደ ኋላ ዲፈረንሻል ይሄዳል፣ ከዚያ ወደ ሁለቱ የኋላ ጎማዎች ይከፈላል። የፊት ጎማዎች ሥራ መኪናውን ተሸክሞ መታጠፍ ብቻ ነው። ዝም ብለው ይንከባለላሉ።

ፎር ዊል ላይ ካምቢዮው ጀርባ አንድ ተጨማሪ ሳጥን ይገባል። ትራንስፈር ኬዝ ይባላል። ከካምቢዮው የመጣውን ጉልበት ተቀብሎ አንዱን ወደ ኋላ፣ ሌላውን ወደ ፊት ይልካል። ወደ ፊት የሚሄደው በሌላ ሻፍት ሞተሩ ሥር አልፎ የፊት ዲፈረንሻል ይደርሳል። ከዚያ ወደ ፊት ጎማዎች ይሄዳል። የፊት ጎማዎች ደግሞ እየተሽከረከሩ መታጠፍም አለባቸው። ስለዚህ ጫፋቸው ላይ በማንኛውም አቅጣጫ እየታጠፈ ጉልበት የሚያስተላልፍ መገጣጠሚያ ያስፈልጋቸዋል።

ትራንስፈር ኬዙ ሌላም ሥራ አለው፤ እኔ ከሁሉ የሚበልጠው ጥቅሙ ይኼኛው ነው ባይ ነኝ። ዝቅተኛ ማርሽ አለው። በድሮዎቹ የቶዮታ ፒክአፖች ላይ የሚገኘው በጥርስ የሚሠራው ትራንስፈር ዝቅተኛ ማርሹ 2.28 ነው፤ ከካምቢዮው የመጣው 2.28 ጊዜ ሲዞር ከትራንስፈሩ የሚወጣው አንዴ ይዞራል። ምን ማለት እንደሆነ በቁጥር እንየው። አንደኛ ማርሹ 4፣ ዲፈረንሻሉ 4.10 የሆነ መኪና እንውሰድ። ሁለቱን ስናባዛቸው 16.4 ይመጣል። ሞተሩ 16.4 ጊዜ ሲዞር ጎማው አንዴ ይዞራል ማለት ነው። ዙሪያው 2.2 ሜትር የሆነ ጎማ ቢኖረውና ሞተሩ በደቂቃ 1000 ጊዜ ቢዞር፣ መኪናው በሰዓት 8 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሄዳል። ዝቅተኛው ማርሽ ሲገባ ግን 16.4 በ2.28 ይባዛና 37.4 ይሆናል። ፍጥነቱ ወደ 3.5 ኪሎ ሜትር ይወርዳል። ከእግረኛ ያነሰ ማለት ነው። ጎማው ላይ የሚደርሰው ጉልበት ደግሞ በዚያው ልክ ይጨምራል። ድንጋያማ ዳገት ላይ ፍሪሲዮን ሳያቃጥሉ የሚወጡት፣ ቁልቁለትም ላይ ፍሬን ሳይረግጡ በሞተር ተይዘው የሚወርዱት በዚህ ነው።

ከመጀመራችሁ በፊት፦ ችግሩ በእርግጥ የፊት እግር ነው?

ተራ ዲፈረንሻል ለግራና ለቀኝ ጎማ እኩል ጉልበት ይሰጣል። ጥሩ ነገር ይመስላል፤ ጭቃ ላይ ግን ጣጣው ይኼው ነው። አንዱ ጎማ ሙልጭልጭ ጭቃ ላይ ከቆመ ለማዞር ምንም ጉልበት አይጠይቅም። ሌላው ጎማ ደረቅ መሬት ላይ ቢሆንም የሚደርሰው ያችው ትንሽ ጉልበት ናት። ስለዚህ አንዱ በከንቱ ይሽከረከራል፣ ሌላው ቆሞ ያያል። ፒክአፕ ባዶውን ሲሆን ደግሞ የኋላው ቀላል ስለሆነ ችግሩ ይብሳል።

የተያዘው መኪና ላይ አንድ የኋላ ጎማ ብቻ ሲሽከረከር የምታዩ ከሆነ፣ በመጀመሪያ ማሰብ ያለባችሁ ስለ ዲፈረንሻል ሎክ ነው። ሎክ ሁለቱን የኋላ ጎማዎች አንድ ላይ ያስራቸዋል። አንዱ ያለ ሌላው አይዞርም። ጥሩ ጥርስ ያለው ጎማና የኋላ ሎክ ያለው ተራ ፒክአፕ ብዙ ሰው ከሚገምተው በላይ ቦታ ይገባል። ሻንሲው አይነካም፣ መሪው አይነካም፣ ካምቢዮው አይወርድም። ወጪውም ከሙሉ ቅየራ ጋር የሚወዳደር አይደለም።

ደግሞም መታወቅ ያለበት ነገር አለ። ሎክ የሌለው ፎር ዊልም ቢሆን ከፊት አንድ፣ ከኋላ አንድ ጎማ ብቻ አሽከርክሮ ሊቆም ይችላል። አራቱም ጎማ የግድ አብሮ ይጎትታል ማለት አይደለም።

ሎክ የማይሰጠው ነገር ግን አለ። ዝቅተኛ ማርሽ አይሰጥም። የፊት እግሩን ከጉድጓድ ጎትቶ አያወጣም። በሚያንሸራትት ጎን ለጎን ተዳፋት ላይም የታሰረ የኋላ አክስል (ግራና ቀኝ ጎማው የሚያያዝበት) የመኪናውን ጭራ ወደ ቁልቁል ሊያንሸራትተው ይችላል። መንገዳችሁ ሁልጊዜ ዳገትና ድንጋይ ከሆነ፣ ወይም ከነጭነት ጭቃ ውስጥ የምትገቡ ከሆነ ፎር ዊል ያስፈልጋችኋል። እንግዲህ ወደ ዋናው ሥራ እንግባ።

ድሮ ለምን ቀላል ነበር?

ይህ ሥራ አዲስ አይደለም። ማርመን ሄሪንግተን የተባለው የአሜሪካ ድርጅት የፎርድ ጭነት መኪኖችን ወደ ፎር ዊል መለወጥ የጀመረው በ1930ዎቹ ነው። በ1950ዎቹ ደግሞ ናፕኮ የተባለ ሌላ ድርጅት ለሸቭሮሌትና ለጂኤምሲ ፒክአፖች የተሟላ መቀየሪያ ዕቃ ያቀርብ ነበር። በ1957 ሸቭሮሌት ራሱ ይህንኑ የናፕኮ ዕቃ ከፋብሪካ ተገጥሞ እንዲሸጥ አደረገ።

ምሥጢሩ የፊት እግሩ አሠራር ነበር። የዚያን ጊዜ ፒክአፖች ከፊት በኩል ከግራ ወደ ቀኝ የሚሻገር ድፍን ብረት ነበራቸው። ብረቱ የሚቀመጠው ባሌስትራ ላይ ነው። ያንን ብረት ፈትቶ ዲፈረንሻል ያለው ድፍን አክስል በዚያው ባሌስትራ ላይ ማሰር ይቻል ነበር። ሻንሲው ብዙም አይነካም። በ1960 ሸቭሮሌት የፒክአፖቹን የፊት እግር ግራና ቀኙ ለየብቻ በሚንቀሳቀስ አሠራር ቀየረው። ከዚያ በኋላ ያ አቋራጭ ተዘጋ።

ዛሬ የምናገኛቸው አሮጌ ፒክአፖች አብዛኞቹ ይህ ሁለተኛው ዓይነት የፊት እግር ያላቸው ናቸው። ፋብሪካው የኋላ እግር ብቻ ለሆነው መኪና ሻንሲ ሲሠራ ብዙ ጊዜ ለፊት ዲፈረንሻል ቦታ አይተውም። ቦታው ላይ ሞተሩን የሚሸከም ተሻጋሪ ብረት ወይም የሞተሩ የዘይት ቋት ይቀመጣል። ስለዚህ በውጭ መንትያ የሚመስሉ መኪኖች ሥራቸው ሲገባ የተለያዩ ሆነው ይገኛሉ።

የትኛው ፒክአፕ ይሻላል?

ከ1973 እስከ 1987 የተሠሩትን የሸቭሮሌት ፒክአፖች ብንወስድ፣ የኋላ እግር ብቻ የሆነው ሲ 10 የፊት እግሩ በጥቅልል ሞላ የሚሠራ ነው። ፎር ዊሉ ኬ 10 ደግሞ ድፍን አክስልና ባሌስትራ አለው። ሁለቱ ሻንሲዎች ከፊት በኩል አንድ አይደሉም። ባሌስትራ የሚይዙትን ብረቶች ማሰር፣ ተሻጋሪውን ብረት መቀየር፣ መሪውንም መለወጥ የግድ ነው። ከ1980 እስከ 1996 ያለው ፎርድ ኤፍ 150 ግን ይሻላል። የሁለቱም ዓይነት የፊት እግር በሞላ ላይ በተቀመጡ ሁለት ረጃጅም ክንዶች ነው የሚሠራው። የፎር ዊሉ ክንዶች ዲፈረንሻልና ሻፍት የተሸከሙ መሆናቸው ነው ዋናው ልዩነት።

ከሁሉም የሚመቸው ግን አንዳንድ ፋብሪካዎች የሚሠሩት ከፍ ያለ የኋላ እግር ፒክአፕ ነው። ቶዮታ ታኮማ ፕሪራነር ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው። ከ1998 ጀምሮ የወጣው ይህ ፒክአፕ በኋላ እግሩ ብቻ የሚሄድ ሆኖ ቁመቱንና የፊት እግሩን አሠራር የወሰደው ከፎር ዊሉ ነው። ጎማው የሚታሰርባቸው ብሎኖችም እንደ ፎር ዊሉ 6 ናቸው። ዝቅ ያለው ተራ ታኮማ ግን 5 ነው ያለው። እንዲህ ዓይነት መኪና ያለው ሰው ግማሹን ሥራ ፋብሪካው ሠርቶለታል።

የራሳችሁን መኪና ለማወቅ ከሥሩ ግቡና እዩ። አንድ ዓይነት ዓመት የሆነ ፎር ዊል አጠገቡ ብታቆሙና ሥር ለሥር ብታስተያዩ ደግሞ የበለጠ ነው። የፊት ዲፈረንሻሉ የታሰረባቸው ቀዳዳዎችና ብረቶች በእናንተ ሻንሲ ላይ አሉ? ትራንስፈሩን የሚይዘው ተሻጋሪ ብረት የሚታሰርበት ቦታስ? የጋቢናው ወለል የትራንስፈር ዘንግ የሚወጣበት ቀዳዳ ወይም ሽፋን አለው? መልሱ በአብዛኛው "አለ" ከሆነ ተስፋ አለ። በአብዛኛው "የለም" ከሆነ ሥራው ከመፍታትና ማሰር ወደ መቁረጥና መበየድ ይሸጋገራል። ዕድሜ ልክ ጭነት የሚሸከም ሻንሲ ላይ መበየድ ደግሞ ለማንም የሚሰጥ ሥራ አይደለም።

ካምቢዮው

ብዙ ሰው እዚህ ጋ ነው የሚደነግጠው። ትራንስፈር ኬዝ ገዝቶ ከነበረው ካምቢዮ ጀርባ መለጠፍ አይቻልም። የኋላ እግር ብቻ የሆነው ካምቢዮ ጀርባው ረጅም ነው፤ ውስጡ ያለው ዘንግም ሻፍቱን እንዲቀበል ሆኖ የተሠራ ነው። የፎር ዊሉ ካምቢዮ ዘንግ ሌላ ነው። ጀርባውም ትራንስፈሩ የሚታሰርበት ፊት አለው። አንዳንድ ካምቢዮዎች ተፈትተው ዘንጉና የኋላ ቤቱ ይቀየርላቸዋል። ግን ያን ያህል ከተፈታ ሙሉውን የፎር ዊል ካምቢዮ ከነትራንስፈሩ መግጠም ይቀላል። እኔ ያለ ማመንታት የምመክረው ይኼን ነው።

ሌላም መንገድ አለ። ትራንስፈሩ ከካምቢዮው ተለይቶ ለብቻው ሻንሲ ላይ ይታሰራል፤ መሃላቸውን አጭር ሻፍት ያገናኛቸዋል። ነባሩ ካምቢዮ ሳይነካ ይቀራል። ዊልቤዙ፣ ማለትም በፊትና በኋላ ጎማ መካከል ያለው ርቀት፣ ረጅም ለሆነ መኪና ይሠራል። አጭር ፒክአፕ ላይ ግን ቦታ ይጠብባል፣ ሻፍቶቹም ከልክ በላይ ያጥሩና ያዘነብላሉ።

አንድ ነገር እንዳይረሳ። ትራንስፈሩ ወደ ፊት የሚያወጣው ሻፍት በግራ ወይም በቀኝ በኩል ነው። የፊት ዲፈረንሻሉም ከመሃል ወደ አንዱ ጎን ያደላ ነው። ሁለቱ በአንድ ጎን መሆን አለባቸው። ትራንስፈሩ በግራ አውጥቶ ዲፈረንሻሉ በቀኝ ከሆነ ሻፍቱ ሞተሩን ሰንጥቆ ማለፍ ሊኖርበት ነው።

የጥርሱ ሒሳብ

የጽሑፌን ሌላ ክፍል ሁሉ ብትዘሉ ይኼን ክፍል አትዝለሉት። የፊትና የኋላ ዲፈረንሻል ሬሾ አንድ መሆን አለበት። ዲፈረንሻል ውስጥ ኮሮናና ፒኞን የሚባሉ ሁለት ጥርሶች አሉ። ፒኞኑ 10 ጥርስ፣ ኮሮናው 41 ጥርስ ካለው ሬሾው 4.10 ነው። ሻፍቱ 4.10 ጊዜ ሲዞር ጎማው አንዴ ይዞራል።

አሁን ከኋላ 3.73፣ ከፊት 4.10 ገጠማችሁ እንበል። ዙሪያው 2.2 ሜትር የሆነ ጎማ በአንድ ኪሎ ሜትር 455 ጊዜ ያህል ይዞራል። በዚያች ኪሎ ሜትር የፊት ዲፈረንሻሉ ሻፍቱን 1864 ጊዜ መዞር ይፈልጋል፤ የኋላው ደግሞ 1696 ጊዜ። ልዩነቱ 168 ዙር ነው። ፎር ዊል ሲገባ ግን ሁለቱ ሻፍቶች ትራንስፈሩ ውስጥ ተቆልፈዋል፤ እኩል መዞር ግዴታቸው ነው። ስለዚህ ያ 168 ዙር የሆነ ቦታ መውጣት አለበት። ጭቃ ላይ ጎማው ተንሸራቶ ይወጣል። ጠንካራ መሬት ላይ መውጫ ያጣል። ያኔ ወይ ጎማው ይፋቃል፣ ወይ ክሮቸራው (ሻፍቱ ጫፉ ላይ እየታጠፈ እንዲዞር የሚያደርገው መስቀል ብረት) ይሰበራል፣ ወይ ትራንስፈሩ ይፈነዳል።

ሬሾውን ለማወቅ ወረቀት ላይ ብቻ አትመኩ፤ አሮጌ መኪና ዲፈረንሻሉ ተቀይሮለት ሊሆን ይችላል። በእጅ መቁጠር ይቻላል። መኪናውን ደልዳላ ቦታ አቁሙት። መሬት ላይ ለሚቀሩት ጎማዎች በሁለት በኩል ታኮ አስገቡ። አንዱን የኋላ ጎማ ብቻ በክሪክ አንሱና ጠንካራ መቆሚያ አስደግፉት። ካምቢዮውን ዜሮ አድርጉ፣ የእጅ ፍሬኑን ልቀቁ። ጎማው ላይና ሻፍቱ ላይ በጠመኔ ምልክት አድርጉ። ከዚያ የተነሣውን ጎማ በእጅ 20 ጊዜ አዙሩት፤ ረዳታችሁ የሻፍቱን ዙር ይቁጠር። ሌላው ጎማ ስለማይንቀሳቀስ የተነሣው ጎማ 20 ጊዜ ሲዞር ኮሮናው የሚዞረው 10 ጊዜ ነው። ስለዚህ የተቆጠረውን ለ10 አካፍሉት። ሻፍቱ 41 ጊዜ ከዞረ 4.10 ነው። ከ37 ትንሽ ካለፈ 3.73 ነው። ይህ የሚሠራው ሎክ በሌለው ተራ ዲፈረንሻል ላይ ነው።

ሬሾው ተስተካክሎ ጎማው ካልተስተካከለም ሒሳቡ ያው ነው። የፊትና የኋላ ጎማ ቁጥር፣ ዓይነትና ብላት መመሳሰል አለበት። ከፊት አዲስ፣ ከኋላ ያለቀ ጎማ አድርጎ ፎር ዊል ማስገባት ልክ እንደማይገጥም ዲፈረንሻል ነው፤ መጠኑ ብቻ ነው የሚያንሰው።

እዚህ ላይ አንድ ምክር አለኝ። ዕቃ ስትገዙ የፊቱን ዲፈረንሻል ብቻ አትግዙ። ከዚያው መኪና የኋላውንም አክስል ውሰዱ። ሬሾው በራሱ ይገጥማል፣ የጎማ ብሎኑ ቁጥር ይገጥማል፣ የግራና የቀኝ ስፋቱም ይገጥማል። አለበለዚያ ከፊት ባለ 6 ከኋላ ባለ 5 ብሎን ይሆንና ሁለት ዓይነት ስኮርት ጎማ ይዞ መዞር ይመጣል።

የፊት እግሩ

ከሁለቱ መንገዶች አንዱን መምረጥ አለባችሁ። የመጀመሪያው የፋብሪካውን ፎር ዊል መከተል ነው። መኪናው ግራና ቀኙ ለየብቻ የሚንቀሳቀስ ከሆነ፣ ዲፈረንሻሉ ሻንሲው ላይ ይታሰራል፤ ጉልበቱ ሲቪ ጆይንት በሚባለው እየታጠፈ በሚዞር መገጣጠሚያ ወደ ጎማዎቹ ይሄዳል። ክንዶቹ፣ የጎማ ተሸካሚዎቹ፣ ኩሽኔታዎቹ፣ የፍሬን ዲስኮቹ ሁሉ ከፎር ዊሉ ይመጣሉ። መንገድ ላይ አያያዙ ጥሩ ነው።

ሁለተኛው ያለውን ሁሉ ቆርጦ ድፍን አክስል በባሌስትራ ወይም በሞላ መግጠም ነው። ጠንካራ ነው፣ ለመረዳት ቀላል ነው፣ ለድንጋያማ ቦታ የሚመርጡት ብዙ ናቸው። ግን መኪናው ከፍ ማለቱ አይቀርም። አክስሉ ወደ ላይ ሲነሣ የሞተሩን የዘይት ቋት እንዳይመታ ቦታ ይፈልጋል። ብዙ ጊዜ ቋቱም ይቀየራል። ቋቱ ሲቀየር ዘይት የምትመጥጠው ቱቦ አብራ መቀየር አለባት፤ ይህችን የረሳ ሰው ሞተሩን ያጣል።

መሪው ላይ ቸል አይባልም። ድፍን አክስል ላይ ከመሪ ሳጥኑ የሚወጣው ዘንግ አቀማመጡ ከአክስሉ እንቅስቃሴ ጋር ካልተናበበ፣ ጎማው ጉብታ ላይ በወጣ ቁጥር መሪው በራሱ ይዞራል። መኪናው ከፍ ሲልም የፊት ጎማው ወደ ኋላ ያዘነበለበት ማዕዘን ይቀየራል። ያኔ መኪናው ቀጥ ባለ መንገድ ላይ ይዋልላል፤ ከታጠፈ በኋላም መሪው በራሱ አይመለስም። የፍሬን ቱቦዎቹም ይረዝማሉ። የፊት እግሩ እስከ መጨረሻው ወርዶ፣ መሪው እስከ ጥግ ተጠምዝዞ ቱቦው መወጠር የለበትም። እነዚህን "መኪናው ከተነሣ በኋላ እናያለን" የሚል መካኒክ ካጋጠማችሁ ሌላ ፈልጉ።

ሻፍቶቹ

ትራንስፈር ሲገባ ከካምቢዮ በኋላ ያለው ቦታ ያጥራል። ስለዚህ የኋላው ሻፍት ይቆረጣል ወይም ይቀየራል። ተቆርጦ ከተበየደ በኋላ ባላንስ መደረግ አለበት፤ አለበለዚያ ፍጥነት ሲጨምር ጋቢናው ይንቀጠቀጣል።

ክሮቸራ ያለው ሻፍት አንድ ጠባይ አለው። ታጥፎ ሲዞር ወጥ ሆኖ አይዞርም። በአንድ ዙር ውስጥ ሁለት ጊዜ ይፈጥናል፣ ሁለት ጊዜ ይዘገያል። ያ እንዳይሰማ በሁለተኛው ጫፍ ያለው ክሮቸራ በእኩል ማዕዘን መታጠፍና የመጀመሪያውን መሰረዝ አለበት። ትራንስፈሩ የታሰረበት ዝንባሌና ዲፈረንሻሉ የታሰረበት ዝንባሌ የሚለካው ለዚህ ነው። ማዕዘኑ በበዛ ቁጥር የክሮቸራው ዕድሜ ያጥራል።

ከዚህ ሌላ የሚቀሩት ትንንሽ ነገሮች ናቸው፤ ግን ብዙ ናቸው። የጭስ ማውጫው ለፊት ሻፍት ቦታ ይለቃል። የፍጥነት መለኪያው ገመድ አሁን ከትራንስፈሩ ነው የሚነሣው፤ ጥርሷ ካልተስተካከለች የተሳሳተ ፍጥነት ያሳያል። ኤቢኤስ (ፍሬን ሲያዝ ጎማ እንዳይቆለፍ የሚያደርግ) ያለው ወይም በኮምፒውተር የሚሠራ አውቶማቲክ ካምቢዮ ያለው መኪና ከሆነ ገመዱና ኮምፒውተሩም ጭምር ከፎር ዊሉ መምጣት ይኖርባቸዋል። ለዚህ ነው ማንዋል ካምቢዮ ያለው የድሮ መኪና ለዚህ ሥራ የሚመረጠው።

ዕቃው ከየት ይምጣ?

ከአንድ መኪና። ተመሳሳይ ሞዴል፣ ተቀራራቢ ዓመት፣ ተገልብጦ ወይም አካሉ ተጎድቶ የቆመ ሙሉ ፎር ዊል። ሥሩ ያልተጎዳ መሆኑን አረጋግጡ እንጂ በሮቹ ቢረግፉም አያገባችሁም። ሙሉ መኪና ሲገዛ ውድ ይመስላል። ነገር ግን የሚያስፈልጉት መቶ ትንንሽ ነገሮች፣ ብሎኑ፣ ዳዶው፣ ጎሚኒው፣ ማንሻው፣ የመብራት ገመዱ ሁሉ እዚያው ተሰቅለው ይገኛሉ። ለየብቻ ሲለቀሙ ጊዜም ገንዘብም ይበላሉ። ፎር ዊሉ ሳይፈታ በፊት ደግሞ ሥሩን በደንብ ፎቶ አንሡ፤ እያንዳንዱ ቱቦና ገመድ በየት እንደሚያልፍ በኋላ የሚነግራችሁ ያ ፎቶ ነው።

ፎር ዊሉ ሙሉ ሆኖ ከተገኘ ግን አንድ ነገር ቆም ብላችሁ አስቡ። የእናንተን ጋቢና፣ ሞተርና የጭነት ሳጥን አንሥቶ በእሱ ሻንሲ ላይ ማስቀመጥ ብዙ ጊዜ ይቀላል። መቁረጥ የለም፣ መበየድ የለም፣ ሁሉም ማዕዘን ፋብሪካው እንደሠራው ነው። ጣጣው ወረቀቱ ላይ ነው። በብዙ አገር መኪና የሚታወቀው በሻንሲ ቁጥሩ ስለሆነ፣ ሻንሲ ሲቀየር መኪናው በሕግ ፊት ሌላ መኪና ሊሆን ይችላል። ሻንሲው ባይቀየርም እንኳ እንዲህ ያለ ለውጥ ምርመራና ምዝገባ ሊጠይቅ ይችላል። ኢንሹራንሱም እንዲሁ። ይኼን መጠየቅ የሚገባው መጀመሪያ ብሎን ከመፈታቱ በፊት ነው።

ለመሆኑ ያዋጣል? የእኔ ሐሳብ እንዲህ ነው። ሻንሲያችሁ የፎር ዊሉን ቀዳዳዎች ከያዘ፣ ሙሉ ፎር ዊል ለዕቃ በርካሽ ካገኛችሁና መኪናውን ገና ብዙ ዓመት የምትይዙት ከሆነ ያዋጣል። ከሦስቱ አንዱ ከጎደለ ፒክአፑን ሸጦ ፎር ዊል መግዛት ይሻላል። ስሜታችሁን የሚነካ ቢሆንም ሒሳቡ ይኼው ነው። የፊት አክስሉና ትራንስፈሩ መኪናው ላይ ከ100 ኪሎ በላይ ስለሚጨምሩም የሚጫነው ጭነት በዚያው ልክ ይቀንሳል፣ ነዳጁም ይጨምራል።

ሲያልቅ

መጀመሪያ ወደ መንገድ አትውጡ። ካምቢዮውን ዜሮ፣ ትራንስፈሩን ፎር ዊል ላይ አድርጉ፤ የጎማ ሀቡ (የፊት ጎማውን ከሚያዞረው ዘንግ ጋር የሚያገናኘው የመሃል ክፍል) የሚቆለፍ ዓይነት ከሆነም ቆልፉት። በአንድ ጎን ያሉትን የፊትና የኋላ ጎማ ከመሬት አንሥታችሁ በጠንካራ መቆሚያ አስደግፉ፤ በሌላው ጎን ያሉት መሬት ላይ ታኮ ገብቶላቸው ይቀመጡ። የተነሣውን የኋላ ጎማ በእጅ 10 ጊዜ አዙሩት። የፊቱ ጎማ ወደዚያው አቅጣጫ በትክክል 10 ጊዜ መዞር አለበት። ዘጠኝ ተኩል ላይ ከቆመ ወይም ከአሥር ካለፈ ሬሾው አልገጠመም፤ መኪናው ከዚያ ቦታ ፎር ዊል ገብቶ መነሣት የለበትም።

የመጀመሪያው ጉዞ ልል አፈር ላይ ይሁን። መሃል ዲፈረንሻል (የፊትና የኋላ ሻፍት በተለያየ ፍጥነት እንዲዞሩ የሚፈቅድ) የሌለው ፎር ዊል ደረቅ አስፋልት ላይ አይገባም፤ ሲታጠፍ የፊት ጎማዎች ከኋላዎቹ የበለጠ ርቀት ስለሚሄዱ ሬሾው ቢገጥምም ሻፍቶቹ ይወጣጠራሉ። መሪው ሲከብድና መኪናው እንደተያዘ ሲሰማችሁ ያ ነው ምልክቱ። አስፋልት ላይ ስትሆኑ ሀቡን ክፈቱት። የፊት ሻፍቱ በከንቱ አይዞርም፣ ነዳጅም ይተርፋል። አርተር ዋርን የተባለ አሜሪካዊ እንዲህ ያለውን ሀብ ከጦርነቱ ለተረፉ ጂፖች መሸጥ የጀመረው በ1948 ነው፤ ዛሬም አሠራሩ ብዙ አልተለወጠም።

ጥቂት መቶ ኪሎ ሜትር ከተነዳ በኋላ የሻፍቱን፣ የአክስሉንና የመሪውን ብሎኖች ሁሉ እንደገና አጥብቁ። የሁለቱን ዲፈረንሻልና የትራንስፈሩን ዘይት አፍስሱና እዩት። ማግኔት ያለው ቡሽ ላይ እንደ ዱቄት የላመ ግራጫ ነገር ቢጣበቅ ጤነኛ ነው፣ ጥርሱ እየተላመደ ነው። በጣት የሚያዝ የብረት ስብርባሪ ከተገኘ ግን ክፈቱት።